ባለ 5 ሊትሩ ቢጫ ሴፍቲ ቦክስ፦ ከአንድ የሐዋሳ መርፌ ክፍል የተጻፈ ግምገማ

ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ቢጫ የካርቶን ሳጥን፣ ሁላችንም ሴፍቲ ቦክስ እያልን የምንጠራውን ዕቃ፣ ክሊኒክ ገብቶ የወጣ ሰው ሁሉ በዓይኑ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ገዝቶ ሊጠቀምበት ለሚፈልግ ሰው ስለ ጥራቱና ስለ ጉድለቱ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። እኔ በሐዋሳ ከተማ በአንድ የግል ክሊኒክ መርፌ ክፍል የምሠራ ነርስ ስሆን፣ ይህን ሳጥን ስገጣጥም፣ ስሞላና ስዘጋ ዓመታት አልፈዋል። አዲስ ክሊኒክ የሚከፍቱ ባልደረቦች፣ ቤታቸው ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ታማሚ ያለባቸው ቤተሰቦች፣ አንዳንዴም ምላጭ የሚጥሉበት ቦታ የቸገራቸው ፀጉር አስተካካዮች «ይሄ ነገር መግዛት ያዋጣል ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለክሊኒክ ያለ ምንም ማመንታት ያዋጣል እላለሁ፤ ለቤት ግን እንደ ቤቱ ሁኔታ ይለያያል።

ሳጥኑ የሚሸጠው ተጣጥፎ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው፤ በጅምላ ሲመጣ 25 ፍሬ በአንድ ጥቅል ይታሸጋል። በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ መስፈርት የሚመረተው ዓይነት፣ ካርቶኑ መርፌ በቀላሉ እንዳይበሳውና እርጥበት ቶሎ እንዳያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። በላዩ ላይ የተላላፊ ቆሻሻ ምልክት፣ አገጣጠሙን በሥዕል የሚያሳይ መመሪያና «ከዚህ በላይ አይሞላም» የሚል ትርጉም ያለው መስመር ታትሞበታል። ባለ 5 ሊትሩ 100 ያህል ስሪንጆችን ከነመርፌያቸው ይይዛል ይባላል። ይህ ቁጥር ግን ለክትባት በምንጠቀምባቸው ትንንሽ፣ አንዴ ከተወጉ በኋላ ራሳቸውን በሚቆልፉ ስሪንጆች የተሰላ መሆኑን ገዢው ማወቅ ይኖርበታል። እንደ እኛ ባለ 5 እና ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ በብዛት የሚጠቀም ክፍል ውስጥ ሳጥኑ ከዚያ በጣም ባነሰ ቁጥር ይሞላል፤ ስለዚህ የወር ፍጆታውን የሚያሰላ የክሊኒክ ባለቤት የስሪንጁን ቁጥር ለ100 አካፍሎ ቢያዝዝ ወሩ ሳይጋመስ ሳጥን ያልቅበታል።

ስለ አገጣጠሙ በዝርዝር መናገር የምፈልገው ሳጥኑ የሚከዳው በአብዛኛው ከታች በኩል ስለሆነ ነው። በእኛ ክፍል የምንጠቀምበት ዓይነት ከታች ተደራርበው የሚታጠፉ ክንፎች አሉት፤ የመጨረሻው ክንፍ ጫፉ ላይ እንደ ምላስ ወጣ ያለ ነገር አለው፤ ይህ ምላስ በተቃራኒው ክንፍ ላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እስኪያዝ ድረስ በአውራ ጣት መገፋት አለበት። ገብቶ ሲያዝ በጣት ይታወቃል። በግማሽ ገብቶ የቀረ እንደሆነ ግን ሳጥኑ ባዶውን ደህና መስሎ ይቆምና፣ ክብደት ሲያድርበት፣ ይልቁንም ሞልቶ በመያዣው ብድግ ሲደረግ፣ ታቹ ይከፈታል። በዚያን ጊዜ መሬት ላይ የሚበተነው ደም የነካው መርፌ ነው፤ ለማንሳት የሚያጎነብሰውም ብዙውን ጊዜ የጽዳት ሠራተኛ ነው። በዚህ ምክንያት አዲስ ሳጥን በገጠምኩ ቁጥር፣ ገና ምንም ሳይገባበት፣ መዳፌን ወደ ውስጥ አስገብቼ ወለሉን ጫን አድርጌ እፈትሸዋለሁ፤ ለተለማማጅ ነርሶችም መጀመሪያ የማሳያቸው ይህንኑ ነው። ታቹን በሰፊ ፕላስተር የሚያጠናክሩ ተቋማት አይቻለሁ፤ ጥሩ ልማድ ነው። ሥዕላዊ መመሪያው በበኩሉ ግልጽ ስለሆነ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሊከተለው ይችላል፤ በዚህ ረገድ አምራቾቹ ምስጋና ይገባቸዋል።

ወደ ዋናው አገልግሎቱ ስንመጣ፣ ሳጥኑ የሚሰጠው ጥቅም መርፌው ከታካሚው ሰውነት ከወጣበት ቅጽበት አንሥቶ ሌላ እጅ ሳይነካው፣ ትሪ ላይ ሳያርፍ፣ ቆቡም ሳይመለስለት በቀጥታ የሚገባበት ቦታ ማስገኘቱ ነው። የጤና ባለሙያ ራሱን የሚወጋባቸው ጊዜያት የታወቁ ናቸው፤ በአንድ እጁ ቆብ ይዞ በሌላው መርፌውን ወደ ቆቡ ለመመለስ ሲሞክር፣ መርፌውን ከስሪንጁ ለመንቀል ሲታገል፣ ወይም የሚጥልበት ቦታ ሩቅ ሆኖበት ስሪንጁን እንደያዘ ሲዞር። እነዚህ ሁሉ የሚቀሩት ሳጥኑ ከሚወጋው ሰው ክንድ ሳይርቅ፣ በወገብ ከፍታ ላይ፣ በሚሠራበት እጁ በኩል ሲቀመጥ ነው። በጉብኝት አጋጣሚ ያየኋቸው አንዳንድ መርፌ ክፍሎች ሳጥኑን ከበሩ ኋላ፣ መሬት ላይ፣ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ጎን ያስቀምጡታል። እዚያ የተቀመጠ ሳጥን እስከዚያ ድረስ መርፌ ይዞ መሄድን ይጠይቃል፤ መሬት ላይ በመሆኑም እናቷን ተከትላ የገባች ሕፃን እጇን ልትሰድበት ትችላለች። እኛ ዘንድ ሳጥኑ ያለው መድኃኒት ከምናዘጋጅበት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ነው፤ ታካሚው በሳጥኑና በእኔ መካከል እንዳይገባም ወንበሩ በሌላው በኩል ተደርጓል። ይህን ለማስተካከል የወጣ ወጪ የለም፤ አንድ ወንበር ማዛወር ብቻ በቂ ነበር።

ሳጥኑ ውስጥ መግባት የሚገባው ስለት ያለውና የሚወጋ ነገር ነው፤ ስሪንጅ ከነመርፌው፣ ካኑላ፣ የጣት መውጊያ ላንሴት፣ የቀዶ ጥገና ምላጭ፣ የስፌት መርፌ። ጥጥ፣ ጓንት፣ የቁስል ፋሻ፣ የግሉኮስ ከረጢትና የመድኃኒት ብልቃጥ ግን ሌላ ቦታ አላቸው። ይህ ክልከላ ለይምሰል የተቀመጠ አይደለም። ጥጥና ጓንት ቦታ ስለሚወስዱ ሳጥኑ ቶሎ የሞላ ይመስላል፤ ከዚያም ሰው በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ቦታ ለማስለቀቅ ይሞክራል፤ መርፌ በካርቶኑ ጎን ብቅ የሚለውም ያኔ ነው። አንድ ጊዜ በሳጥኑ ጎን፣ ከታተመው ምልክት ሥር፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል የመርፌ ጫፍ ወጥታ አይቻለሁ፤ ቢጫው ካርቶን ላይ በቀላሉ አትታይም ነበር። ሳጥኑን በሁለት እጁ አቅፎ የሚያነሣ ሰው ቢኖር መዳፉ በቀጥታ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነበር። ካርቶኑ በትክክል ለተጣለ መርፌ የሚበቃ ጥንካሬ አለው፤ በእጅ ለተጠቀጠቀ መርፌ ግን አይበቃም። ሳጥኑ ሁልጊዜ በላይኛው መያዣ ብቻ የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። የተዘጋ ብልቃጥን በተመለከተ ደግሞ እሳት ውስጥ ሲገባ ሊፈነዳና በሚያቃጥለው ሰው ላይ ስብርባሪ ሊረጭ ይችላል።

ሳጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዘጋት አለበት፤ መስመሩም የተሠመረው ለዚሁ ነው። እዚህ ላይ የምርቱን አንድ እውነተኛ ጉድለት ማንሣት እፈልጋለሁ። ካርቶኑ ብርሃን ስለማያሳልፍ፣ መስመሩ የሚታየው በውጭ ነው እንጂ በውስጥ ያለው መጠን በውጭ አይታይም። ምን ያህል እንደሞላ ለማወቅ ሰው በቀዳዳው አጎንብሶ መመልከት ይኖርበታል፤ ሳጥኑን በመነቅነቅ ለመገመት የሚሞክርም አለ፤ ይህ ደግሞ የተከለከለ ነው። ሁለተኛው ጉድለት አፉ ነው። ለትልቅ ስሪንጅ እንዲመች ሰፋ ተደርጎ ስለተቆረጠ የትንሽ ልጅ እጅ ያስገባል፤ በሥራ መካከል ለጊዜው የሚከደንበት አስተማማኝ መቆለፊያም የለውም፤ ክዳኑ የተሠራው ለመጨረሻ ጊዜ ለመዝጋት ነው። ሦስተኛው እርጥበት ነው። ምንም እንኳ ካርቶኑ እርጥበት እንዲቋቋም ሆኖ ቢሠራም፣ በክረምት ወለሉ በየጊዜው በሚታጠብና መስኮቱ በዝናብ በሚመታ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ የዋለ ሳጥን ታቹ እየላላ ይመጣል። ተጣጥፎ ያለውን ክምችትም ቢሆን ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አንዴ የረጠበ ካርቶን ቢደርቅም የቀድሞ ጥንካሬው አይመለስለትም።

እነዚህን ጉድለቶች የሚያስወግድ አማራጭ አለ፤ ክዳኑ የሚቆለፍ ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ውሃ አይፈራም፣ በጎኑ የሚያሳይ ዓይነትም ይገኛል፣ በሥራ መካከል ለጊዜው ይከደናል። ለቀዶ ጥገና ክፍልና ለላቦራቶሪ እርሱን እመርጣለሁ። ዋጋው ግን ከካርቶኑ በእጅጉ ይበልጣል፤ ውድ በመሆኑም ከተሞላ በኋላ ገልብጦ፣ አጥቦ እንደገና የመጠቀም ፈተና ያመጣል። መርፌ የተሞላ ዕቃ መገልበጥ ሴፍቲ ቦክስ የተሠራበትን ዓላማ ከሥሩ ያፈርሰዋል። ካርቶኑ በዚህ በኩል የሚያስመሰግን ባሕርይ አለው፤ ርካሽ ነው፣ አንዴ ብቻ ያገለግላል፣ ከነይዘቱ ይቃጠላል፣ ማንም ሊያጥበው አያስብም። ይህም ሆኖ ካርቶኑንም ጉድጓድ ላይ ገልብጠው መልሰው ክፍል የሚያስገቡ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ከአንድ ካርቶን ዋጋ የሚተርፈው ገንዘብ አንድ ሰው ቢወጋ ለምርመራና ለመድኃኒት ከሚወጣው ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም። የመርፌ መቁረጫ መሣሪያን ደግሞ በአጭሩ ልለፈው፤ መርፌውን ከስሪንጁ ስለሚለይ የቆሻሻውን መጠን ይቀንሳል፤ ሆኖም ጽዳትና ጥገና ይፈልጋል፤ የተቆረጡት መርፌዎችም ቢሆኑ ዞሮ ዞሮ የሚገቡበት መብሳት የማይቻል ዕቃ ያስፈልጋቸዋል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቤት ውስጥ ነው። ኢንሱሊን በቀን ሁለት ጊዜ የሚወጋ ሰው ለእያንዳንዱ መርፌ አዲስ ስሪንጅ ቢጠቀም በወር 60 ስሪንጅ ያወጣል። ክሊኒክ ውስጥ የእኔ ሥራ የሆነው ነገር ሁሉ፣ መውጋቱም መጣሉም፣ እዚያ ቤት የታማሚው ወይም የልጆቹ ሥራ ነው፤ ስለ መውጋቱ ብዙ ትምህርት ይሰጣቸዋል፤ ስለ መጣሉ የሚነግራቸው ግን ጥቂት ሰው ነው። አንዲት እናት ለክትትል ሲመጡ ከዘንቢላቸው ውስጥ አፉ ድረስ በስሪንጅ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ አውጥተው «ልጄ፣ ይሄን የት ልጣለው? ቆሻሻ ላይ ልጥለው ብል ልጆቹን ፈራሁ፤ ቤት ባስቀምጠው ደግሞ እየበዛ መጣ» ብለው ጠየቁኝ። ካየኋቸው ታማሚዎች ሁሉ ይበልጥ ጠንቃቃዋ እሳቸው ነበሩ። የጠርሙሱን ስስ ፕላስቲክ ግን ሁለት መርፌዎች በስተው ወጥተው ነበር፤ ዘንቢሉን ሲሸከሙ የነበረውም የልጅ ልጃቸው ነው።

የሃይላንድ ጠርሙስ ለዚህ ሥራ የማይሆነው ስስ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በከተማችን ዋጋ ያለው ዕቃ ነው፤ ቁራሌው ይገዛዋል፣ ልጆች ለቅመው ይሸጡታል፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ወጣቶችም ከሌላው ለይተው ያስቀምጡታል። መርፌ የተሞላ ጠርሙስ ቆሻሻ ውስጥ ሲገኝ የሚያየው ሰው ጠርሙሱን ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ክዳኑን ከፍቶ መርፌውን መሬት ላይ ይደፋዋል። በጥንቃቄ የተሰበሰበው መርፌ በዚህ መንገድ እንደገና ይበተናል። እንደ ሐዋሳ ባለ ከተማ ደግሞ በቦይ ውስጥ የተጣለ ነገር መጨረሻው የት እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ሐይቃችን ውሃ የሚገባበት እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ዝናብ ከከተማው ጠርጎ የሚወስደው ነገር ዳርቻው ላይ ይቀራል፤ በዚያ ዳርቻ ሰው ባዶ እግሩን ይሄዳል፣ መረብ ይጎትታል፣ ልጆች ይዋኛሉ።

ታዲያ ለቤት ቢጫው ሳጥን ይሻላል ወይ? ትንሽ ልጅ በሌለበት፣ ከፍ ያለ ቁምሳጥን ባለበትና ሲሞላ የሚቀበል ጤና ተቋም አስቀድሞ በተገኘበት ቤት ይሻላል፤ ለኢንሱሊን ስሪንጅ በትክክል ስለሚበቃ በቀን ሁለት ጊዜ ለሚወጋ ሰው አንድ ወር ተኩል ያህል ያገለግላል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ግን፣ ክፍት አፉን እያሰብኩ፣ ሌላ ነገር እመክራለሁ፤ ባዶ የበረኪና ጀሪካን። ፕላስቲኩ ወፍራም ነው፣ መርፌ በቀላሉ አይበሳውም፣ አፉ ጠባብ ነው፣ ክዳኑም በመጠምዘዝ ይጠብቃል። በውሃ ተለቅልቆ ከደረቀ በኋላ «መርፌ ነው፣ አይከፈትም» ተብሎ በማይለቅ ቀለም በትልልቁ ይጻፍበታል፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑ ተጠምዝዞ፣ በፕላስተር ታስሮ፣ ኢንሱሊኑ ወደሚታዘዝበት ጤና ተቋም በቀጠሮ ቀን ይወሰዳል። ከመውሰድ በፊት ተቋሙ ይቀበል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የማይቀበል ቢሆን ማቃጠያ ያለውን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንዲጠቁም መጠየቅም የታማሚው መብት ይመስለኛል። የክሊኒክ ባለቤት የሆናችሁ ሁሉ የራሳችሁን ታማሚዎች መርፌ መልሳችሁ ብትቀበሉ፣ ከምትሰጡት አገልግሎት ሁሉ በጣም አነስተኛ ወጪ ያለውና በጣም የሚያስፈልገው ይህ ይሆናል። እኚያ እናት አሁን ጀሪካናቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኛም ከራሳችን ሳጥኖች ጋር እንልከዋለን።

ይህን ሁሉ የማስረዝመው በመርፌ መወጋት ምን እንደሚያስከትል በቅርብ ስላየሁ ነው። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ተቋም፣ የጽዳት ሠራተኛችን የቆሻሻ ፌስታል አፉን ጨምድዳ ስታነሣ ጥጥ መካከል የተጣለ መርፌ ጓንቷን በስቶ መዳፏ ውስጥ ገባ። «እኔ እኮ ጥጥ ነው ብዬ ነው የጨበጥኩት» እያለች ደጋግማ ስትናገር፣ ጥፋቱ የእርሷ ይመስል ራሷን ታስረዳ ነበር። መርፌው የማን እንደነበረ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ስለዚህ የማንም ሊሆን እንደሚችል ተቆጥሮ መድኃኒት ተጀመረላት። ሴፍቲ ቦክስ በዚያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ያለው ግን ከጠረጴዛው ማዶ ነበር።

አደጋው በቁጥር ሲገለጽ እንዲህ ነው። ኤች አይ ቪ በደሙ ካለበት ሰው በተወሰደ መርፌ የተወጋ ሰው፣ መከላከያ መድኃኒት ካልወሰደ፣ በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ ከ1000 ወደ 3 ገደማ ነው። የጉበት ቫይረስ የሆነው ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እንደ ታማሚው ሁኔታ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል፤ ቫይረሱ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። በአገራችን ሄፓታይተስ ቢን የሚከላከል ክትባት በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዛሬ በጽዳትና በሕክምና ሥራ ላይ ያለ አብዛኛው ጎልማሳ በልጅነቱ አላገኘውም። ለሠራተኞቹ ሴፍቲ ቦክስ የሚገዛ ተቋም፣ ጽዳት ሠራተኞቹን ጨምሮ፣ ሦስቱን ዙር ክትባት፣ ማለትም የመጀመሪያውን፣ ከአንድ ወር በኋላ ሁለተኛውን፣ ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ ሦስተኛውን፣ አብሮ ማስከተብ ይጠበቅበታል።

የተወጋ ሰው ቦታውን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፤ ደሙን ለማውጣት መጭመቅ፣ በበረኪና ወይም በሌላ የሚያቃጥል ነገር ማሸት አያስፈልግም፣ ጉዳትም ያመጣል። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ወደሚሰጥበት ተቋም ይሂድ። መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፤ ከተጀመረ ደግሞ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። መርፌ ክፍላችን ግድግዳ ላይ፣ ከሳጥኑ በላይ፣ ይህ በአማርኛ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ሳጥኑ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ በአብዛኛው በውጭ ቋንቋ ስለሆነ ክፍተቱን የምንሞላው ራሳችን ነን። አስመጪዎች በአማርኛና በሲዳምኛ የታተመ ወረቀት ከጥቅሉ ጋር ቢያያይዙ ምርቱ ለጽዳት ሠራተኞች ይበልጥ ይጠቅም ነበር።

ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ስላለው መንገድም መጠየቅ የገዢ ኃላፊነት ነው። የሕክምና ቆሻሻ በተገቢው መንገድ ይቃጠላል የሚባለው ሁለት ክፍል ባለው ማቃጠያ፣ በመጀመሪያው 850 በሁለተኛው 1100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሙቀት ሲደርስ ነው። በብዙ ጤና ተቋማት ጓሮ የምናየው በጡብ የተሠራ ማቃጠያ ይህን አይደርስም፤ ይሁንና ክፍት ሜዳ ላይ ከማንደድ በእጅጉ ይሻላል። ጉድጓድ ውስጥ በላምባ የተቃጠለ ሳጥን ካርቶኑና ፕላስቲኩ ይነድና መርፌው እንዳለ ይቀራል፤ ጭሱም ለጎረቤት ጤና ጠንቅ ነው። ብረቱ የሚቀልጠው 1400 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በጥሩ ማቃጠያ ውስጥም ቢሆን መርፌው ከጀርም ይጸዳል እንጂ ስለቱ አይጠፋም፤ በመሆኑም አመዱ በባዶ እጅ የማይነካ፣ በተከደነና በተገነባ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ መሆን አለበት። የራሳችን ማቃጠያ ስለሌለን ማቃጠያ ካለው ተቋም ጋር ውል አለን፤ እያንዳንዱ ሳጥን ሲዘጋ ቀኑና ክፍሉ ይጻፍበታል፤ እስኪወሰድ ድረስም ተቆልፎ በሚውል ጠባብ ክፍል ይቀመጣል፤ ሲወሰድም በመዝገብ ላይ ይፈረማል። ይህ ውል ሳይኖር ሳጥን ብቻ የሚገዛ ክሊኒክ ከጓሮው የቢጫ ካርቶን ክምር ይጠብቀዋል።

ለመግዛት ለወሰነ ሰው ጥቂት ልጨምር። በሐዋሳ የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ዘንድ ይገኛል፤ ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ከአንድ በላይ ቦታ መጠየቅ ይጠቅማል። ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ፍሬ አስፈትታችሁ እዚያው ሱቅ ውስጥ ግጠሙት፤ ምላሱ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ የማይያዝ፣ ጎኑ በጣት ሲጫን የሚሰረጉድ፣ የመሙያ መስመር ያልታተመበት ከሆነ በርካሽም ቢሆን አትውሰዱት፤ ቢጫ ቀለም ብቻ ያለው ተራ ካርቶንም በገበያ ላይ አይጠፋም። የጥቅሉን ማዕዘኖችም እዩ፤ የውሃ እድፍ ያለበት ጥቅል መጋዘን ውስጥ ረጥቦ የቆየ ነው። ቤት ለቤት እየሄዱ መርፌ የሚወጉ ባልደረቦች ደግሞ ባለ 5 ሊትሩን በባጃጅ ይዞ መዞር ስለሚያስቸግራቸው፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ቢይዙና ማታ እርሱን ሳይገለብጡ እንዳለ ወደ ክሊኒኩ ሳጥን ቢያስገቡት ይሻላል፤ ለዚህ ሲባልም የዕቃው መጠን በሳጥኑ አፍ የሚገባ መሆኑን አስቀድመው ይለኩ።